የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ለቪዛ፦ ጥያቄና መልስ

ከተጠየቁት አብዛኞቹ የሼንገንን ቪዛ (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮችን የጋራ ቪዛ) ስለሚመለከቱ መልሱም ወደዚያው ያደላል። የካናዳ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወደ መጨረሻው ላይ አሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጉዳይ አስፈጻሚው «ማንኛውም ኢንሹራንስ ይበቃል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። የሼንገን ቪዛ ሕግ አንቀጽ 15 መስፈርቱን ቆርጦ አስቀምጧል። ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም፤ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት፤ የቆይታዎን ቀናት በሙሉ መያዝ አለበት። አስቸኳይ ሕክምናን፣ ድንገተኛ የሆስፒታል ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር የመመለሻ ወጪን፣ ሞት ካጋጠመም የዚያን ወጪ መሸፈን ይኖርበታል። የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን ሲቀበሉ ወደ አገር መመለስና ሞት የሚሉት ሁለቱ መጻፋቸውን በዓይንዎ ይዩ። ሕክምና ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ መቅረብ ለክልከላ መጋለጥ ነው፤ የክልከላው ደብዳቤ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ራሱን የቻለ ምክንያት አለ።

ጥያቄ፦ የኔ 30,000 ዶላር ይላል። ያስኬዳል?

መልስ፦ ሕጉ የሚለው ዩሮ ነው። ዶላሩ በዩሮ ሲሰላ ከወለሉ በታች ከወረደ አያሟላም። 50,000 ዶላር የሚሸፍነውን ይውሰዱ፣ ወይም በዩሮ እንዲጽፉልዎ ያድርጉ። የአረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት ዋጋ) ልዩነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ የምሄደው ጣሊያን ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱም «ጣሊያን» ብቻ ይላል።

መልስ፦ ይመልሱትና ያስተካክሉልዎ። ሽፋኑ 29ኙንም የሼንገን አገሮች መያዝ አለበት። «የሼንገን አገሮች» ወይም «መላው ዓለም» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። «መላው ዓለም፣ ከአሜሪካና ከካናዳ በስተቀር» የሚለውም አውሮፓን ስለሚይዝ ችግር የለውም። ጉዞዎ ወደ አየርላንድ የሚቀጥል ከሆነ ግን አየርላንድ ሼንገን ውስጥ የለችም፤ «ሼንገን» ብቻ የሚል ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) እዚያ አያገለግልዎትም።

ጥያቄ፦ ቀኑን እንዴት ልቁጠር? በ10 ሌሊት ተነስቼ በ11 ጠዋት እገባለሁ፤ በ24 ማታ ተነስቼ በ25 አገሬ እደርሳለሁ።

መልስ፦ ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቆይታዎ ከ11 እስከ 24፣ 14 ቀን ነው። ኢንሹራንሱን ግን ከ10 እስከ 25 ይግዙ፤ በረራ ቢዘገይ ክፍተት አይፈጠርም። ቆንስላው ቪዛው ላይ 15 የመጠባበቂያ ቀናት ሊጨምር ይችላል፤ ለእነሱ ኢንሹራንስ እንዲያቀርቡ አይጠበቅብዎትም። ጉዞዎን ወደነዚያ ቀናት ካሸጋገሩ ግን ፖሊሲውንም አብረው ያሸጋግሩ።

ከዚያ ማመልከቻ ቅጹን፣ የበረራ ቦታ ማስያዣውን፣ የሆቴሉንና ኢንሹራንሱን ጎን ለጎን ዘርግተው ቀኖቹን ያመሳክሩ። ሰርተፍኬቱ ላይ 03/08 ተጽፎ ከሆነ ኦገስት 3 ነው ወይስ ማርች 8? ወሩ በፊደል እንዲጻፍ ይጠይቁ። ስም፣ የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥርም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። ፓስፖርት ካሳደሱ በኋላ በአሮጌው ቁጥር የተሠራ ኢንሹራንስ ይዞ መቅረብ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ነው የምጠይቀው። ለሁለት ዓመት ልግዛ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ማሳየት ያለብዎት የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ነው፤ ለቀጣዮቹ ኢንሹራንስ እንደሚያስፈልግዎ ማወቅዎን ቅጹ ላይ በፊርማ ያረጋግጣሉ። በየጉዞው ግን አዲስ ገዝተው ቅጂውን በእጅዎ ይያዙ፤ ድንበር ላይ ሰነድ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ የማይጠየቀው ማነው?

መልስ፦ የዲፕሎማቲክ ፓስፖርት ያለው፣ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ብቻ የሚያመለክት፣ እንዲሁም በነጻ የመዘዋወር መብት የሚጠቀም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የቤተሰብ አባል።

ጥያቄ፦ ቪዛው ቢከለከል ብሩ ይመለሳል?

መልስ፦ ይህ በውሉ ይወሰናል፤ ከመክፈልዎ በፊት ኩባንያውን ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ያግኙ። አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያዎቹ የክልከላውን ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ገንዘቡ እንዲመለስ ሽፋኑ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ማመልከትም ያስፈልጋል። የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ሲሆን እስከ 45 ሊራዘም ይችላል። የመነሻ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀየር የሚፈቅድ ፖሊሲ ካገኙ እሱን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ቪዛውን ማግኘትና አባትሽን መጠበቅ ይለያያሉ። ቆንስላው የሚያየው ሰርተፍኬቱን ነው፤ አባትሽን የሚጠብቃቸው ግን የውሉ ዝርዝር ነው። «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል አንብቢ። ቀድሞ የነበረ ሕመም ድንገት ሲባባስ ይሸፈናል ወይ? የዕድሜ ጣሪያው ስንት ነው? ከኪስ የሚከፈለው የመጀመሪያ ድርሻስ? ሕመሙን መደበቅ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ካሳ ሲጠየቅ የሕክምና ታሪካቸው ይመረመራል፣ መድን ሰጪውም አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል። መድኃኒታቸውን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ልጄ ካናዳ ናት፤ ለሱፐር ቪዛ (ለወላጆችና ለአያቶች ለሚሰጠው የረጅም ቆይታ ቪዛ) ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን፣ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 1 ዓመት የሚያገለግል፣ ሕክምናን፣ ሆስፒታልንና ወደ አገር መመለስን የያዘ ፖሊሲ። የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ተቀባይነት የለውም፤ በሙሉ ወይም ቅድሚያ ተከፍሎበት በየጊዜው የሚከፈል መሆኑ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ እንግሊዝና አሜሪካስ?

መልስ፦ ለተራ የጎብኚ ቪዛ ሁለቱም አያስገድዱም። በአሜሪካ ለልውውጥ ፕሮግራም ተሳታፊዎች የሚሰጠው የጄ-1 ቪዛ ግን ይለያል፦ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ 100,000 ዶላር፣ ለሕክምና ማጓጓዣ 50,000፣ ለአስከሬን መመለሻ 25,000፣ ከኪስ የሚከፈለው ደግሞ ከ500 እንዳይበልጥ።

ጥያቄ፦ እዚያ ብታመም መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ በአውሮፓ 112 ይደውሉ። ካልሆነ ሆስፒታል ከመግባትዎ በፊት ሰርተፍኬቱ ላይ ወዳለው የ24 ሰዓት ስልክ ደውለው የፖሊሲ ቁጥርዎን ይስጡ፤ ሳያሳውቁ የተደረገ ሕክምና ክርክር ያስነሳል። የሐኪም ሪፖርት፣ በዝርዝር የተጻፈ ደረሰኝና የመድኃኒት ማዘዣ ዋናውን ይያዙ። የካሳ ማመልከቻው ቀነ ገደብ ውሉ ላይ ስላለ ከመሳፈርዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።