ስዊቹን ተወውና ታንኩን እየው

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር የጉድጓዱ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ይጠፋል፣ ግፊት አይቶ ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊችም ቀጭ ቀጭ ይላል ብለሃል። ስዊቹ ሁለት ጊዜ ተቀይሮም ለውጥ የለም። እኔ የጠረጠርኩት ከፓምፑ ጋር የተያያዘውን የግፊት ታንክ ነው። አየሩ አልቋል።

ውሃ ቢጫኑት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ታንኩ ውስጥ አየሩና ውሃው በጎማ ባሎን ተለይተዋል። ፓምፑ ውሃ ሲገፋ አየሩ ይጨመቃል፤ ፓምፑ ሲያርፍ ደግሞ አየሩ ውሃውን መልሶ ወደ ቧንቧው ይገፋል። ስዊቹ የሚያውቀው ግፊት ብቻ ነው። በ1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያስነሳል፣ በ2.8 ባር ያጠፋል እንበል። አየሩ በልኩ ከሆነ ባለ 24 ሊትር ታንክ ፓምፑ ሳይነሳ 8 ሊትር ገደማ ይሰጥሃል። አየር ከሌለ ግን አንድ ብርጭቆ ስትቀዳ ግፊቱ ዱብ ይላል፤ ፓምፑ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት ደግሞ በሥራ ላይ እያለ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሞተሩን ኮይል፣ የሽቦ ጥቅሉን፣ የሚያቃጥለው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋ። መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጥ። እርጥብ እጅና 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ከዚያ ቧንቧ ከፍተህ የግፊት ማሳያው ጌጅ ዜሮ እስኪል አፍስሰው። ቧንቧውን ሳትዘጋ የታንኩን የአየር ቫልቭ ክዳን ፍታ፤ መኪና ጎማ ላይ ያለው ዓይነት ነው። መርፌዋን ስትጫናት ውሃ ከወጣ ባሎኑ ተቀዷል፣ ይቀየር። ውሃ ካልወጣ በጎማ መለኪያ ለካው። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.15 ባር ማነስ አለበት፤ ለ1.4 መነሻ 1.25 ማለት ነው። ለመሙላት የብስክሌት መንፊያ ይበቃል።

የቀድሞው ጠጋኝ የስዊቹን ትንሿን ነት ጥርቅም አድርጎ አጥብቋት መሄዱ በጣም ያናድዳል። ትልቁ ነት መነሻውንም ማጥፊያውንም አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል። ትንሿ ግን ማጥፊያውን ብቻ ከፍ ታደርጋለች። ማጥፊያው ከፓምፑ አቅም በላይ ከወጣ ፓምፑ ሳይጠፋ ያድራል፣ ይቃጠላል። እስካሁን መትረፉ ዕድል ነው። ነቷን ትንሽ ትንሽ እያላላህ በ2.8 እንዲጠፋ አድርግ። የስዊቹን ክዳን በከፈትክ ቁጥር ብሬከሩ ይጥፋ፤ "ለአንዴ ነው" አትበል።

ርካሹ ስዊች ኮንታክቱ፣ መብራቱን የሚያገናኘው ብረት፣ ስስ ነው፣ ቶሎ ይጠቁራል። ከጠቆረ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ደህና ስዊች ግዛ። ክረምት ላይ ቀይ አፈራችን ጉድጓዱን ካደፈረሰው ወደ ስዊቹ የምትገባዋ ቀጭን ቱቦም በደለል ትዘጋለች። ፈተህ በሽቦ ጥረጋት። ያኔም ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱም ዜሮ ሆኖ ነው።

ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ ራሱን ካስነሳ ግን ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ውሃውን ወደ ጉድጓዱ እየመለሰ ነው፤ አለዚያም የተቀበረ ቧንቧ ያፈስሳል። እንዲህ ከሆነ ጌጁ ከ2.8 ወደ 1.4 በስንት ደቂቃ እንደሚወርድ ለክተህ ጻፍልኝ።