ቱርቦ ሱባሩ ላይ ኢታኖል ብጨምርስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን አሉ፣ የምጽፍልዎት ከጅማ ሂርማታ ነው። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ቱርቦ አለኝ፣ ሞተሩ እንደመጣ ነው ምንም አልተነካካም። ጓደኞቼ ኢታኖል ቀላቅልበት ጉልበቱ ይጨምራል ይሉኛል፣ ውጪ ያሉ ልጆችም ኢ85 (እስከ 85 በመቶ ኢታኖል ያለው ነዳጅ) ሞልተው ሲነዱ በቪዲዮ አይቻለሁ። 30 በመቶ ያህል ብቀላቅል ይጎዳዋል? ኢታኖል ካጣሁስ የፋርማሲ አልኮል ወይ ዳግም አረቄ ይሰራል የሚሉኝ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ አረቄውንም የፋርማሲውንም አልኮል እባክህ መኪናህ ጋ እንዳታደርሰው። ዳግም አረቄ የፈለገ ቢጠነክር ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ የሚለውም ቀሪው ውሃ ነው፣ ቤንዚን ውስጥ ስትጨምረው ውሃው አልኮሉን ይዞ ታንከሩ ስር ይቀመጣል፣ የነዳጅ ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከስር ስለሆነ መጀመሪያ ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ላይ የሚደርሰው እሱ ነው።

ወደ ዋናው ስንመጣ ጓደኞችህ አልዋሹህም ግን ግማሹን ነው የነገሩህ። ኢታኖል ኦክቴኑ (ያለጊዜው ሳይፈነዳ ግፊት የመቋቋም ልኩ) ከ100 በላይ ነው፣ ሲተንም ብዙ ሙቀት ስለሚስብ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ሞተሩ ሳያንኳኳ ቱርቦው ተጨማሪ አየር እንዲገፋ፣ ካንዴላውም ቀደም ብሎ እንዲተኩስ ማድረግ ይቻላል። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሊትር ከሆነ ኢታኖል ከቤንዚን አንድ ሶስተኛ ያህል ያነሰ ኃይል ነው ያለው፣ ዝም ብለህ ብትቀላቅለው የምታየው ነዳጅ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ነው። የስዊድኑ ኮኒግሴግ ሲሲኤክስ 806 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ በኢ85 የሚሄደው ሲሲኤክስአር 1,018 ደረሰ፣ ግን ፋብሪካው ኢንጀክተሩንና የነዳጅ መስመሩን ቀይሮ፣ የአየር ግፊቱንም ጨምሮ ነው እዛ የደረሰው።

ያንተ ሞተር ግን አልተነካካም ብለሃል፣ አደጋው እዚህ ጋ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ኢታኖል 9 ኪሎ ብቻ፣ ማለትም ለዛው አየር ብዙ ተጨማሪ ኢታኖል መርጨት አለብህ። ረጋ ብለህ ስትነዳ የኦክስጅን ሴንሰሩ ጉድለቱን አይቶ ያስተካክልልሃል፣ ሙሉ ስትረግጥ ግን ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ትቶ ለቤንዚን በተጻፈለት ልክ ነው የሚረጨው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የጊቤን በረሃ ወርደህ ወደ ወልቂጤ ያለውን ዳገት አስበው፣ ሙቀት አለ፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ እግርህ ነዳጅ ላይ ነው፣ እዛ ላይ ነዳጅ ያጠረው ቱርቦ ሞተር ፒስተን ይበላል። ቤንዚን መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የሱባሩ ሞተር ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

እስከ 10 በመቶ ያለው ግን አያስፈራህ፣ የዘመኑ ቤንዚን መኪኖች በአብዛኛው ይችሉታል። አዲስ አበባ ላይ መቀላቀሉ በ2001 በ5 በመቶ ተጀምሮ በኋላ ወደ 10 ከፍ ብሎ ነበር፣ ኢታኖሉም ከፊንጫና ከመተሃራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ የሚወጣ ነው። ከዛ በላይ ከፈለግክ ትልልቅ ኢንጀክተር፣ ጠንካራ ፓምፕ፣ የኢታኖል ሴንሰርና ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልግሃል፣ ይሄ ሁሉ ተሟልቶም ጅማ ላይ ኢ85 የሚቀዳልህ ማደያ የለም፣ ዛሬ አግኝተህ ነገ የምታጣው ነዳጅ ላይ ሞተር አይስተካከልም።

እኔ ላንተ ከኢታኖሉ በላይ የምፈራው ውሃ ነው። ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ 10 በመቶ የተቀላቀለ ቤንዚን ግማሽ በመቶ አካባቢ ውሃ ሲገባበት ይለያያል፣ የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ከየትም በጄሪካን ይገዛል። የገዛኸውን ቤንዚን ጠባብና ቀጥ ያለ ብልቃጥ ውስጥ ትንሽ አቆየው፣ ከደፈረሰ ወይ ስሩ ላይ መስመር ከሰራ አትቅዳው። ኢታኖል መኖሩን ለማወቅ ደግሞ 1 እጅ ውሃ አድርገህ ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፣ 9 እጅ ቤንዚን ጨምር፣ ከድነህ ናጠው፣ ክዳኑን ቀስ ብለህ አስተንፍሰውና አስቀምጠው (ከእሳትና ከሲጋራ ራቅ ብለህ)። ውሃው ምልክቱ ላይ ከቆመ ኢታኖል የለበትም፣ እጥፍ ሊሆን ከደረሰ 10 በመቶ አካባቢ አለው፣ ከዛም በላይ ከወጣ ያንን ነዳጅ ሱባሩህ ውስጥ አታስገባው።