ፊልም መሥራት ለጀመራችሁ ልጆች፦ ኢንዲያና ጆንስን እስክሪብቶ ይዛችሁ እዩት

ውድ ልጆች፣

የጀብዱ ፊልም ልሥራ ብሎ የሚነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው ድሮን ከየት እንደሚከራይ ነው። ቀጥሎ ስለ ፍንዳታ ይጠይቃል። ሁለቱንም ለጊዜው አቆዩአቸውና በ1981 የወጣውን የመጀመሪያውን የኢንዲያና ጆንስ ፊልም፣ የጠፋውን ታቦት ፍለጋ የሚተርከውን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እንደገና እዩት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።

ተከታታዩ አምስት ፊልም ነው። ከ1981ዱ ቀጥሎ በ1984፣ በ1989 እና በ2008 የወጡትንም ስቲቨን ስፒልበርግ ሲያዘጋጃቸው፣ የ2023ቱን ጄምስ ማንጎልድ ሠራው። ሐሳቡን ያመነጨው ጆርጅ ሉካስ ነው፤ በአምስቱም ላይ ኮፍያውን አጥልቆ ጀግናውን ኢንዲያና ጆንስን የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ። ለሙያ ተማሪ ግን ከአምስቱ ዋናው መጽሐፍ የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም በፍርሃት የተሠራ ፊልም ነው። ስፒልበርግ ከዚያ በፊት በ1979 ያወጣው ኮሜዲ ከበጀትም ከጊዜም አልፎበት ስለነበር ስቱዲዮዎቹ በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ስለዚህ ለስቱዲዮው 85 የቀረጻ ቀን አስይዞ በ73 ቀን ጨረሰው። አንዱን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸውን አንድ ቁራጭ) አሥራ አምስት ጊዜ ከመደጋገም ይልቅ በሦስትና በአራት ቴክ፣ ማለትም ሙከራ፣ ይበቃኛል ብሎ ማለፍን የመረጠበት ሥራ ነው።

ይህ የሆነው ካሜራ ከመነሳቱ በፊት አብዛኛው ፊልም በወረቀት ላይ ተስሎ ስላለቀ ነው። ይህ በወረቀት የተሳለ የሾቶች ቅደም ተከተል ስቶሪቦርድ ይባላል፤ ስሙ ሲነሳ ሥዕል አልችልም የሚል ሰበብ ወዲያው ይመጣል። ሥዕል አያስፈልግም። አንድ ኤፎር ወረቀት ስድስት ቦታ ክፈሉ፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሾት ነው። ሰው በእንጨት እንጨት እጅና እግር ይሳል። ከሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ወዴት ይሄዳል (በቀስት)፣ ካሜራው ምን ያህል ቀርቧል፣ ምን ድምፅ ይሰማል። ሦስተኛውን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ። ሳጥኖቹን በመቀስ ቆርጣችሁ ወለል ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ አንሱ። ስትነሳ ታሪኩ የማይጎድልባት ሾት አትቀረጽም። የተረፉትን እንደገና አሰባስቧቸው፤ በዚህኛው ዙር የታሪኩን ቅደም ተከተል ትታችሁ ካሜራው በሚቆምበት ቦታ ነው የምትለዩአቸው። የቀረጻ ቀን ፕሮግራማችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ቀስቱ ነው። ሯጩ በአንዱ ሳጥን ወደ ቀኝ፣ በቀጣዩ ወደ ግራ ከሮጠ፣ ተመልካቹ ሰውየው ዞሮ የተመለሰ ይመስለዋል። በሚሯሯጡት ሰዎች መካከል በሐሳባችሁ መስመር አስምሩና ካሜራውን ከመስመሩ አንድ ጎን ብቻ አቁሙ። መሻገር ካለባችሁ ከፊት ወይም ከኋላ የተቀረጸ አንድ ገለልተኛ ሾት መሐል አስገቡ።

አሁን ወደ ፊልሙ መክፈቻ፣ ጀግናው የወርቅ ጣዖት ወደሚያነሳበት ዋሻ። ታሪኩ ፔሩ ነው ይበል እንጂ ጫካው ሃዋይ ነው፣ የዋሻው ውስጥ ደግሞ እንግሊዝ አገር ኤልስትሪ ስቱዲዮ። የሚንከባለለው ድንጋይ በፋይበርግላስ፣ በእንጨትና በጂፕሰም የተሠራ ነው። ቢሆንም ሰው ላይ ቢወጣ ይሰብራል፣ ከፊቱ የሮጠውም ራሱ ፎርድ ነው። ከአምስት አቅጣጫ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለተቀረጸ አሥር ጊዜ ሮጧል። ስፒልበርግ በኋላ ይህን መፍቀዱ ሞኝነት እንደነበር አምኗል፤ እናንተ አትድገሙት። ተዋናዩን ከሚንከባለለው ነገር ስምንት ሜትር አርቁትና ካሜራውን ከፊት ለፊቱ ራቅ አድርጋችሁ በረጅም ሌንስ፣ 85 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ ወይም በስልክ ከሆነ በሦስት እጥፍ ሌንሱ ቅረጹ። ረጅም ሌንስ ርቀትን ያጣብቃል፤ ስምንቱ ሜትር ሁለት ይመስላል። ድንጋዩ እግሩን ሊይዘው ነው የሚያሰኘው ሾት በዚህ መንገድ ያለ አደጋ ይገኛል።

ከድንጋዩ በፊት ያለችውን የአሸዋ ከረጢት ልብ በሉ። ሰውየው ጣዖቱን አንስቶ በምትኩ ከረጢት ሊያስቀምጥ ሲል ይከብዳል ብሎ ትንሽ አሸዋ ያፈሳል። ጣዖቱ ድፍን ወርቅ ከሆነ ሒሳቡ ተገልብጧል። አንድ ሊትር ወርቅ 19 ኪሎ ያልፋል፤ አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ማፍሰሱን ትቶ አሥር ከረጢት መጨመር ነበረበት። ታዲያ ሲኒማ ቤት ውስጥ ማን አሰላው? ጣቶቹ፣ ዓይኖቹ፣ ከረጢቱ፣ የረዳቱ ፊት፣ እንደገና ጣቶቹ እየተፈራረቁ ትንፋሻችንን ያስይዙናል። ኤዲተሩ ማይክል ካን ለዚህ ፊልም ኦስካር ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ያንኑ መክፈቻ ስታዩ የጀግናው ፊት መቼ እንደሚታይ ሰዓት ያዙ። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ኮፍያውንና ጥላውን ብቻ ነው የምናየው። ከኋላው ሽጉጥ ሲመዘዝ ጅራፉ ይጮሃል፣ ሽጉጡ ይወድቃል፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ወደ ብርሃን ይወጣል። በኛ ፊልሞች ግን ዋናው ተዋናይ ገና ስሙ ሳይነበብ ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶት ይገኛል።

ታቦቱም እንዲሁ ነው። ከጉድጓዱ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ካየነው በኋላ ሳጥን ውስጥ ይታሸጋል። መርከብ ውስጥ ሳለ በሳጥኑ ላይ የታተመው የናዚ ምልክት ከውስጥ በሚመጣ ኃይል እየተቃጠለ ይጠፋል፤ ታቦቱ አልታየም፣ የተናገረም የለም። በጥምቀት ዕለት በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ የሚወጣውን ታቦት እያየ ላደገ ሰው የዚህን ሾት ጉልበት ማስረዳት አያስፈልግም። የተሸፈነ ነገር እንዴት እንደሚያስፈራ ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ካሜራ ስትይዙ አትርሱት። (ፊልሙ ታቦቱን ፈርዖን ሺሻቅ ወደ ታኒስ ወሰደው ይላል። አክሱም ጽዮን ነው የሚለውን ትውፊት ይዞ ያደገ ተመልካች እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ የወግ ነው። ታሪኩ የሚካሄድበት 1936 ደግሞ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ በዓመቱ የአክሱም ሐውልት ተጭኖ ሮም ሄደ፣ የተመለሰውም በ2005 ነው። ጣዖት መንትፎ የሚሮጥ ፈረንጅ ምሁር ለኛ ሙሉ በሙሉ ጀግና የማይሆነው ለዚህ ነው። የናንተን ስክሪፕት ስትጽፉ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ሰው ታሪኩ ውስጥ ይኑር።)

የጭነት መኪናው ማሳደድ የተቀረጸው ቱኒዚያ ነው፤ አብዛኛውን የሠራው የሁለተኛው ቡድን ዳይሬክተር ማይክል ሙር ነው። ሰውየው ከመኪናው ሥር ሲጎተት የምታዩት ስታንትማኑ (አደገኛውን ትዕይንት በተዋናዩ ፈንታ የሚሠራው) ቴሪ ሌናርድ ነው። መኪናው ከመደበኛው ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ከመንገዱ መሐል ደግሞ ሰውነቱ የሚገባበት ቦይ ተቆፍሯል። ፍጥነቱም የካሜራ ሥራ አለበት፤ በሴኮንድ ከ24 ባነሰ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ተቀርጾ በ24 ሲታይ መኪናው ይበራል። በ20 ፍሬም ከተቀረጸ 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 48 የሚነዳ ይመስላል። ስልካችሁ 20 ፍሬም ከሌለው ኤዲቲንግ ላይ ፍጥነቱን ከ110 እስከ 120 በመቶ አድርጉት። ከዚያ ካለፈ የእግረኛው እጅና የነጠላው ጫፍ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ተመልካቹም ይነቃል። ስለዚህ ፍጥነት የምትጨምሩበት ሾት ውስጥ እግረኛ፣ ባንዲራና ጭስ አይግባ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአምፖል ብርሃን የምትቀርጹ ከሆነ ሌላም ነገር አለ፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን በ25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) በሃምሳኛ ሴኮንድ ላይ አድርጉ። በ30 ፍሬምና በስድሳኛ ከቀረጻችሁ ምስሉ ይርገበገባል፣ በኋላ ማስተካከሉም ራስ ምታት ነው።

አሁን ድምፅ። ለዚህ ፊልም ድምፆቹን የፈጠረው ቤን በርት ነው፤ እሱና ሪቻርድ አንደርሰን ልዩ ኦስካር ተሸልመውበታል። የድንጋዩ መንከባለል ሞተሩ ጠፍቶ በጠጠር ቁልቁለት የሚወርድ ሆንዳ ሲቪክ ነው። የታቦቱ ክዳን ሲንሸራተት የምንሰማው የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን ነው። የቡጢው ድምፅ የተከመረ የቆዳ ጃኬት በቤዝቦል ዱላ ሲመታ፣ የእባቦቹ መርመስመስ ደግሞ ጣት በአይብ ካሰሮል (በምድጃ የሚጋገር የፈረንጅ ምግብ) ውስጥ ሲርመሰመስ ነው። የጀግናው ሽጉጥ ሲተኮስ የምንሰማው የዊንቸስተር ጠመንጃ ነው።

ካሰሮሉ እዚህ ባይገኝ ለብ ያለ ገንፎ ሞክሩ። አንድ ድስት በቂ ነው፤ ቅቤ ጠብ አድርጉበትና ማይኩን አንድ ስንዝር አቅርባችሁ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ገንፎው ትኩስ ከሆነ እጅ ያቃጥላል፣ ከቀዘቀዘ ይደርቅና ድምፁ የጭቃ ይሆናል። ሦስት ጊዜ በተለያየ ፍጥነት ቅዱና ኤዲቲንግ ላይ ሦስቱን ደራርቡ። አንዱን በ70 በመቶ ፍጥነት ስታዘገዩት ወፍራም እባብ ይሆናል። ጅራፉም ቀላል ነው፤ በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ፈልጉ። የጅራፍ ጩኸት ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ሲበልጥ የሚፈጠር ነው፣ ለዚህም ነው ማይክ የሚያደነዝዘው። ማይኩን አምስት ስድስት ሜትር አርቁ፣ በጎን በኩል አቁሙ፣ የድምፁን መጠን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የስልኩን ቅንብር አጥፉ፣ መጠኑን ከወትሮው በጣም ዝቅ አድርጉ። ድምፁ ከልክ አለፈ የሚለው ቀዩ መብራት አንዴ ከበራ ያ ቅጂ ሞቷል፤ በኋላ የሚያድነው ሶፍትዌር የለም። ጅራፉን የሚያጮኸው መነጽር ያድርግ፣ ማንም ሰው ከጅራፉ ርዝመት በእጥፍ ይራቅ።

የኛ ፊልሞች ትልቁ ደዌ እዚህ ነው። ምስሉ ላይ ወር እንሠራና ድምፁን በአንድ ሌሊት እንጨርሳለን፤ ባዶነቱን ለመሸፈን ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ እናለብሰዋለን። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰውን የጆን ዊሊያምስን ማርሽ ሁሉም ያንጎራጉራል፤ ማሳደዱ ላይ ግን ዜማው መቼ እንደሚገባና ለሞተርና ለጎማ ቦታ ለቆ መቼ ዝም እንደሚል ልብ የሚል ጥቂት ነው።

በገበያው መሐል ጀግናውን የሚገጥመውን ባለ ሰይፉን ሰውዬ ሁሉም ስለሚያወራው አላስረዝምም። ቱኒዚያ ውስጥ ፎርድ በተቅማጥ ታሞ ነበር፤ ረጅም የሰይፍና የጅራፍ ፍልሚያ ተጽፎ ሳለ በአንድ ጥይት ተጠናቀቀ። የሠራው ግን ጥይቱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በገበያው ሙሉ ድብድብ አይተናል፣ ሰውየውም ሰይፉን በወግ አሽከርክሯል። ያንን ዝግጅት አውጥታችሁ ጥይቱን ብቻ ብትቀዱ ሳቅ አይመጣም።

ስሕተታቸውም ያስተምራል። ከእባቡ ጋር በተፋጠጠበት ሾት ፎርድን ከኮብራው የሚለይ መስታወት አለ፤ በድሮው ቅጂ የኮብራው ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ይታያል፣ በ2003 ዲቪዲ ሲወጣ ነው በኮምፒውተር ያጠፉት። እናንተ መስታወት ስታስገቡ ከላይ በኩል ወደ ካሜራው ትንሽ አዘንብሉት፣ ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ፣ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ካላችሁ አዙራችሁ ሞክሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ። የ1984ቱን የህንድ መንግሥት ስክሪፕቱን አይቶ ስላልተቀበለው ስሪላንካ ሄደው ሠሩት፤ የሌላውን ሕዝብ ማዕድ መሳቂያ ማድረጉ ዛሬም ያሳፍራል፣ ድልድዩ ግን እውነተኛ ድልድይ ነው፣ የተቆረጠውም አንዴ ብቻ ነው። በ1989ኙ ጥልቁ ላይ ያለችውን የማትታየውን መሻገሪያ ደጋግማችሁ እዩ፤ ከገደሉ ጋር እንዲመሳሰል የተቀባ፣ በአንድ ማዕዘን ብቻ የሚሠራ ማታለያ ነው። የ2008ቱ የጫካ ማሳደድ ብዙ ገንዘብ ፈሶበት ከሁሉም ያነሰ ክብደት አለው፤ ጎማው መሬት ሲነካ አቧራው አይመልስም።

የመጀመሪያውን ፊልም የመጨረሻ ሾት ለብቻው አስቀሩ። ታቦቱ የታሸገበት ሳጥን በጋሪ እየተገፋ ማለቂያ ወደሌለው መጋዘን ይገባል። ያ ሁሉ ሳጥን የለም፤ ማይክል ፓንግራዚዮ መስታወት ላይ የሣለው ሥዕል ነው፣ ወራት ፈጅቶበታል። እውነተኛው ቀረጻ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ የሚሄድባት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ናት። ድምፁን አጥፉና ዓይናችሁን ከሰውየው ላይ ነቅላችሁ ከቀኝ በኩል ባለው ቁልል ላይ ትከሉ። ብዙ ሳትቆዩ የብሩሹን ምት ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መልሱትና እንደ ተመልካች እዩት፤ ዓይናችሁ እየታገላችሁትም ቢሆን ጋሪውን ተከትሎ ይሄዳል።