ሪላክሰር በከፊል መቀባት ይሻላል ወይ? (መልስ)

እህቴ፣ ከርዳዳ ፀጉርሽን ሪላክሰር ቀብተሽ ቶሎ በመታጠብ በከፊል ብቻ ማለስለስ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን አልቸኩልም። ለአጭር ጊዜም ቢቀመጥ ኬሚካሉ የፀጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ ይሰብራል፤ የነካው ፀጉር ወደ ነበረበት አይመለስም። በከፊል ሲሆን ደግሞ አንዱ ቦታ ሉጫ፣ ሌላው ጥቅልል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። አዲሱና የተቀባው የሚገናኙበት ቦታ ነው ቶሎ የሚበጠሰው።

ያስቸገረሽ ማበጠሩ ብቻ ከሆነ፣ እርጥብ ሳለ ኮንዲሽነር ቀቢና ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ላይ ፍቺው። ማታ ጎንጉነሽው እደሪ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ለውጥ አለው!

ከወሰንሽ ግን መጀመሪያ ከማጅራትሽ በኩል ጥቂት ፀጉር ላይ አስሞክሪ። የራስ ቆዳሽ ከቆሰለ ወይም ከተላጠ ፈጽሞ እንዳትቀቢ።