ቀርተው ስለሚጠብቁ ሰዎች፦ በኤድዊጅ ዳንቲካ ሥራዎች ላይ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ሰሞን ስለ ሄይቲ ተወላጇ ደራሲ ስለ ኤድዊጅ ዳንቲካ ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ያልጠበቅሁት ብዙ ጥያቄ መጣ። ደስ ብሎኛል፤ ከማነባቸው ደራሲዎች ሁሉ እንደ እሷ ልቤን የነካኝ ጥቂት ነው። የመረጥኳቸውን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማን ናት? ከየትኛው መጽሐፏ ልጀምር? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

በ1969 ፖርት ኦ ፕሪንስ ተወለደች። 2 ዓመቷ ላይ አባቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። 4 ዓመት ሲሆናት እናቷም ተከተሉ። እሷና ታናሽ ወንድሟ ቤል ኤር በሚባል ሰፈር ከአጎቷ ከፓስተር ጆሴፍና ከባለቤታቸው ከዴኒዝ ጋር ቀሩ። ብሩክሊን የገባችው በ12 ዓመቷ፣ በ1981 ነው። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1994 ወጣ። በ1998 ኦፕራ ዊንፍሬይ ለመጽሐፍ ክበቧ መረጠችው፤ ስሟ የገነነውም ያን ጊዜ ነው።

እኔን ከጠየቅህ በልቦለድ አትጀምር። በ2007 በወጣው የቤተሰቧ ታሪክ፣ በ«ብራዘር፣ አይም ዳይንግ» ጀምር፤ ወንድሜ፣ እየሞትኩ ነው እንደ ማለት ነው። እሱን ያነበበ ሰው ልቦለዶቿ ከየት እንደመጡ ይገባዋል።

ልጄን ለእህቴ ትቼ ከወጣሁ 6 ዓመት ሆነኝ። በቀደም በስልክ «አክስቴን እኮ እማዬ ነው የምላት» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይቺ ደራሲ እንደ ልጄ ቀርታ ያደገች ከሆነ እናቷን ተቀይማ ይሆን? (አንዲት እናት፣ ዱባይ)

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ብራዘር፣ አይም ዳይንግ» ውስጥ ያለውን ልንገርሽ።

እናቷ ሊሄዱ ሲሉ ቀሚሶች ሰፉላት። አሥር ቀሚስ። አብዛኞቹ በጣም ሰፊዎች ነበሩ፣ ስታድግ እንድትለብሳቸው። እናትየው መቼ እንደሚመለሱ አያውቁም፤ የልጃቸውን ቁመት ግን ዓመት በዓመት አስበው ሰፍተዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልጅቷ የእናቷን እግር አቅፋ አልለቅም አለች። እናት ጎንበስ ብለው ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈቱ።

ከአባቷ ደግሞ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ግማሽ ገጽ፣ ሦስት አንቀጽ። መጀመሪያ ሰላምታ። ቀጥሎ የተላከው ገንዘብ ለምን ለምን እንደሚውል። ከዚያ ስንብት። ናፈቃችሁኝ የሚል ቃል የለውም። ልጅ ሆና ይህ ድርቀት ይከብዳት ነበር። ካደገች በኋላ ግን አባቷ ነገሯት፤ ልላችሁ የምፈልገው ነገር ከአንዲት ወረቀትና ከትንሽ ፖስታ በላይ ነበር አሏት። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ ቆይቻለሁ። እናንተስ በወር አንዴ ገንዘብ ስትልኩ «ደረሰ?» ከሚለው ጥያቄ ጀርባ ስንት ነገር አለ?

ሌላም አለ። የመጀመሪያ ልቦለዷ «ብሬዝ፣ አይስ፣ ሜሞሪ» ይባላል፤ እስትንፋስ፣ ዓይን፣ ትዝታ እንደ ማለት ነው። ሶፊ የምትባል ልጅ እናቷ ኒውዮርክ ናቸው፣ ያሳደገቻት አክስቷ አቲ ናት። ገና መጽሐፉ ሲጀምር ሶፊ ለእናቶች ቀን ካርድ ሠርታ ለአክስቷ ትሰጣለች። አቲ አትቀበልም። ይህ የእናትሽ ነው ትላታለች። ልጅቷን ከማንም በላይ ትወዳታለች፤ የእህቷን ቦታ ግን አትወስድም።

ስለዚህ ተቀይማለች ወይ ላልሽው፦ አዝናለች፣ ጠይቃለች፤ ግን በጥላቻ የተጻፈ አንድ መስመር አላገኘሁም። እንደ እኔ ልጅሽ «እማዬ» የሚለውን ቃል ከአንቺ ነጥቃ ለእህትሽ አልሰጠችም። የሚታቀፋት ሰው ስላለ አመስግኚ። እህትሽንም እንደ አቲ አንቺን በልጅሽ ፊት ስምሽን እያነሳች እንድታቆይሽ ንገሪያት።

«ክሪክ? ክራክ!» የሚባለው መጽሐፏ ርዕሱ ምን ማለት ነው? (አስተማሪ፣ ደሴ)

ይህን ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው። ሄይቲ ውስጥ ተረት የሚያወራው ሰው «ክሪክ?» ይላል። ሰሚዎቹ «ክራክ!» ይመልሳሉ። «ተረት ተረት!» ሲባል «የላም በረት!» እንደምንለው ማለት ነው። ሰሚው ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም።

መጽሐፉ በ1995 የወጣ የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። አንድ ወጣት በአነስተኛ ጀልባ ወደ አሜሪካ እየሸሸ ለፍቅረኛው ይጽፋል። እሷም ከሄይቲ ትጽፍለታለች። አንዱም ደብዳቤ ለሌላው አይደርስም። «ክሪክ?» የሚል አለ፣ «ክራክ!» የሚል ጠፍቷል።

በአንዱ ልቦለዷ ሰዎች በአንዲት ቃል የተነሳ ይገደላሉ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? (አዳማ)

እውነት ነው፣ ታሪክ ነው። በጥቅምት 1937 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ አምባገነን ትሩሂዮ ድንበር አካባቢ የሚኖሩ ሄይቲያውያን እንዲገደሉ አዘዘ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። የሟቾቹ ግምት ከጸሐፊ ጸሐፊ በጣም ይለያያል። ገዳዮቹ ፓርስሊ የሚባለውን ቅጠል እያሳዩ ስሙን በስፓኒሽ ጥራ ይሉ ነበር ይባላል። «ፐሬሂል»። በሄይቲ ቋንቋ በክሪዮል አፉን የፈታ ሰው «ረ»ዋን እንደ እነሱ ማንከባለል ያቅተዋል።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ያለው፣ የኤፍሬም ሰዎች በአነጋገራቸው ተለይተው የተገደሉበት «ሺቦሌት በል» ትዝ አላላችሁም? ዳንቲካም ልቦለዷን የምትከፍተው በዚያው ጥቅስ ነው። መጽሐፉ በ1998 ወጣ፤ ርዕሱ «ዘ ፋርሚንግ ኦፍ ቦንስ» ነው፣ አጥንት ማረስ። የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞቹ ሥራቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነበር። ዋናዋ ባለታሪክ አማቤል የቤት ሠራተኛ ናት፣ ቤተሰቦቿን ወንዝ የወሰደባት። እንጀራ ፍለጋ ድንበር የተሻገረ ሰው በምላሱ ተለይቶ ሲታደን ማንበብ ከባድ ነው። ማታ ማታ አታንብቡት።

የሀገሯን ገመና አደባባይ አወጣች ብለው የገዛ ወገኖቿ እንደወቀሷት አነበብኩ። አንተስ ምን ትላለህ? (ሲያትል)

የመጀመሪያ ልቦለዷ ውስጥ እናት የልጇን ድንግልና በየጊዜው ትፈትሻለች፤ ልማዱ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። አንዳንድ ሄይቲያውያን አንባቢዎች «ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን አስባልሽን» ብለው አዘኑባት። ቅሬታቸው ባዶ አይደለም። ስለ አንድ ሕዝብ ብዙ መጽሐፍ በማይነበብበት አገር አንድ መጽሐፍ የሁሉም ሰው ፎቶግራፍ ተደርጎ ይታያል። እሷም ቅሬታውን አልናቀችውም። በኋላ በወጣው እትም መጨረሻ ላይ ለገጸ ባሕሪዋ ለሶፊ ደብዳቤ ጻፈችላት። የአንቺ ታሪክ የአንቺ ብቻ ነው፣ የሁሉንም ሸክም አትሸከሚም የሚል መንፈስ አለው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሴት ልጅ ላይ የደረሰ ጉዳት የሀገር ስም እንዳይጠፋ ተብሎ መደበቅ የለበትም።

ከእኛ ሰዎች የሚቀርባት አለ? (አዲስ አበባ)

ዲናው መንግሥቱን አንብብ። በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በ2 ዓመቱ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ኢሊኖይ ወደነበሩት አባቱ ሄደ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ ስለያዘ ስደተኛ ነው።

አጎቷ ጆሴፍ ለምን አልተሰደዱም? ወንድማቸው አሜሪካ እያለ? (ጡረተኛ፣ ጎንደር)

አባቴ፣ ጥያቄዎ ዋናውን ነገር ነካው። ስለ ስደት ሲወራ ሁላችንም የምናስበው ሄያጁን ነው። ዳንቲካ ግን ዓይኗን ከቀሪው ላይ አታነሳም። «ብራዘር፣ አይም ዳይንግ» ከምንም በላይ የእኚህ ሰው መጽሐፍ ነው።

ፓስተር ጆሴፍ ቤል ኤር ውስጥ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበራቸው። ሰፈራቸውን መልቀቅ አልፈለጉም። በጉሮሮ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ድምፃቸውን አጡ። ያን ጊዜ ትንሿ ኤድዊጅ ከንፈራቸውን እያነበበች ለሌላው ሰው ትናገርላቸው ነበር። የአባቷን ደብዳቤ ያነብቡላት የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ አሁን ደግሞ እሷ አፋቸው ሆነች።

በጥቅምት 2004 የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮችና የሄይቲ ፖሊሶች ከቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ ላይ ሆነው ተኮሱ። የሰፈሩ ታጣቂዎች «አንተ ነህ ያስገባሃቸው» ብለው ሊገድሏቸው ፈለጉ። የ81 ዓመቱ አዛውንት ተደብቀው አመለጡና ማያሚ ደረሱ። ቪዛ ነበራቸው። ግን እውነቱን ተናገሩ፤ ጊዜያዊ ጥገኝነት እፈልጋለሁ አሉ። ክሮም ወደሚባለው የስደተኞች ማቆያ ተወሰዱ። መጽሐፉ እንደሚተርከው መድኃኒታቸው ተወሰደባቸው። ቃለ መጠይቅ ላይ እያሉ ክፉኛ ሲያስመልሳቸው ያስመስላሉ ተባሉ። ኅዳር 3 ቀን 2004 ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ቤተሰቡ አጠገባቸው እንዲሆን አልተፈቀደም።

በ2007 ዳንቲካ የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ አጎቷ መሰከረች። በልጅነቷ ስታደርግ የነበረውን ነው ያደረገችው።

ፓስተር ጆሴፍ የተቀበሩት እኖርበታለሁ ብለው በማያውቁት በኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ነው። አባቷ በሳንባ ሕመም በ2005 ሲያርፉ እዚያው አጠገባቸው ተቀበሩ። በዚያው ዓመት ኤድዊጅ ሴት ልጅ ወለደች፤ በአባቷ ስም ሚራ አለቻት።