«አንድ መኳንንት» ይባላል?

ጥያቄ፦ የአንጌራን ደ ኩሲን የሕይወት ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። «አንጌራን የፈረንሳይ መኳንንት ነበር» ብዬ ብጽፍ አራሚዬ «መስፍን» አለው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉ። «መኳንንት» ብዙ ነው፤ ነጠላው «መኰንን»፣ ሥሩ «ኰነነ»። ግእዙ ገዛም ፈረደም ይል ነበር፤ ለአማርኛችን የተረፈው ኵነኔው ነው። «መኰንን»ንም ሠራዊቱ ወስዶታል። አንድን ሰው «መኳንንት» ማለት አንዱን መምህር «መምህራን» እንደ ማለት ነው። «መኳንንቶች» ሲባል ደግሞ በብዙ ላይ ብዙ ይደረብበታል፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

«መስፍን» መልካም ቃል ነው፤ ግን ማዕረጉ የታወቀ ነው፦ የአውሮፓው «ዱክ»። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዑል መኰንን «መስፍነ ሐረር» የተባሉት በዚሁ በአውሮፓው ወግ ነው። የኩሲ ቤት ፉከራ ደግሞ ይህን አጥብቆ ይክዳል፦ «ንጉሥ አይደለሁ፣ ልዑልም፣ መስፍንም፣ ኮምትም፤ እኔ የኩሲ ጌታ ነኝ!» ኮምት ከመስፍን በታች ያለ ማዕረግ ነው፤ «ጌታ» ያልኩት በፈረንሳይኛው «ሲር» ነው፤ ከላቲኑ «ሴኒዮር» የወጣ፣ ትርጉሙም ታላቅ፣ በዕድሜ የገፋ። አራሚዎ ሰውየውን መስፍን ሲሉት የቤቱን ኩራት ይሽሩበታል።

የእኔ ምርጫ «ባላባት» ነው። ባለ አባት፣ አባቱ የሚታወቅ ማለት ነው፤ «ባለ» ከግእዙ «በዓል» (ጌታ፣ ባለንብረት) የመጣ ሲሆን «ባል»ም የዚያው ልጅ ነው። ከአንጌራን የበለጠ ለዚህ ቃል የሚገባው ማን አለ? በስሙ ለቤቱ 7ኛ ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተው ርስቱን ወረሰ፤ እናቱ ካትሪን የኦስትሪያ ሀብስቡርግ ነበሩ። በእንግሊዝ በመያዣነት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1365 የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛን ልጅ ኢዛቤላን አግብቶ ማሪንና ፊሊፓን ወለደ። አማቱ በ1377 ሲሞቱ የእንግሊዝ ማዕረጎቹን መልሶ ለፈረንሳይ ንጉሥ አደረ። በ1396 በኒቆፖሊስ ጦርነት (በዛሬዋ ቡልጋሪያ) በኦቶማኖች ተማርኮ በዓመቱ በከተማቸው በቡርሳ አረፈ፤ ወራሽ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ማሪ ርስቱን በ1400 ለኦርሌያን መስፍን ለሉዊ ሸጠች። «መስፍን»ን እንግዲህ ለገዢው ለሉዊ ይተዉለት።

«ባላባት የእኛ የርስት ሥርዓት ቃል ነው፣ ለባዕድ አይሰጥም» የሚሉ አሉ። «ንጉሥ»ስ የእኛ አይደለም? ለኤድዋርድ ስንሰጠው ማንም አልተቃወመም። በደቡብ ላደገ አንባቢ ግን «ባላባት» በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የቆመውን የአገር ሹም እንደሚያስታውስ አልክድም።

ሌላም የማልወደው እውነት አለ። «አምላክ» ራሱ በቅርጹ ብዙ ነው፤ እንደ ልብስና «አልባስ»። ነጠላ ሆኖ ስለ ተለመደ ግእዝ በላዩ «አማልክት» ብሎ ደገመለት። አባቶቻችን ያደረጉትን «መኳንንቶች» ባዩ ቢደግመው በምን አፌ እከለክለዋለሁ? ጋዜጣውም ትምህርት ቤቱም ወደዚያው ሄዷል። እኔ ግን አልጽፈውም። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር «7ኛው አንጌራን፣ የኩሲ ጌታ፣ የፈረንሳይ ባላባት ነበር» ይሁን።