መልስ፦ ጣና ላይ ጉልበት ላጣው የጀልባ ሞተር

ወንድሜ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ቱ-ስትሮክ ሞተርህ ጣና ላይ ጉልበት ስላጣ "ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ላስከፍት ወይ?" ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ለካ።

ሞተሩን ትንሽ አሙቀህ አጥፋ። ሁለቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፍታ። የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝ፤ የቤንዚን ሽታ ባለበት ብልጭታ አይፈለግም። የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) በአንዱ የካንዴላ ቀዳዳ አስገባ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ የጌጁ መርፌ ከፍ ማለቱን እስኪያቆም የማስነሻውን ገመድ ደጋግመህ ሳብ። ሌላኛውንም ሲሊንደር በእኩል ጉልበት።

ቁጥሩ ማኑዋሉ ላይ ካለው ካነሰ አትደንግጥ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ አምስተኛ ያህል መቀነሱ ያለ ነው። ይህን ያላሰበ መካኒክ ደህናውን ሞተር ያስፈታሃል! ዋናው የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። 100 እና 95 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ከሆነ ሰላም ነው፤ ካርቡራተሩን (አየርና ቤንዚን ቀላቃዩን) እይ። 100 እና 75 ከሆነ ግን ደካማው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳያልቅ አልቀረም። ካልተነቃነቀ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር፤ ያኔ ቴስታታው ይከፈት።